ሠረገላ የሄደበት መቃብር

ሎቪና ፕራት ከኤኖስ ቱሊ ጋር መነጋገር ካቆመች ወዲህ ስንት ወንዝ ተሻግረው ስንት ተራራ አልፈዋል። ኩርፊያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በኩርፊያ የሞተ ሰው የለም። እሷ ግን “ጠልቼዋለሁ” ነው የምትለው። በየማለዳው ከሠረገላው ሸራ ሥር ብቅ ስትል፣ በሬዎቹን ሲጠምድ ታየውና “ጠልቼዋለሁ” ትላለች ለራሷ፤ እንዳትረሳው ያህል። የጠሉትን ሰው በየማለዳው ለራስ ማስታወስ ምን የሚሉት በሽታ እንደሆነ፣ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ።

ኤኖስ የአባቷ በሬ ነጂ ነው። አሳሄል ፕራት በኦሃዮ ስማቸው የተጠራ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ወደ ኦሪገን ለመሄድ ሲነሡ ከሚዙሪ ሠረገላም በሬም ገዙ እንጂ፣ በሬ መንዳቱን ከየት ያምጡት! ለሆዱና ለመንገዱ ብሎ የተቀጠረላቸው ይህ ረጅም፣ ዝምተኛ ጎረምሳ ነው። ከበሬዎቹ በስተግራ አቧራውን እየበላ በእግሩ ሲኳትን ይውላል፤ ማታ ከሠረገላው ሥር ይተኛል። ሎቪና ደግሞ የሴቶች ትምህርት ቤት ጨርሳ ፒያኖ የምትመታ፣ ጓንቷን ሳታጠልቅ ከቤት የማትወጣ ልጅ ነበረች።

ዛፍ የሚባል ነገር በሌለበት በፕላት ወንዝ ሜዳ እሳት የሚነደው በጎሽ ኩበት ነው። ሎቪና የመጀመሪያ ቀን በጓንቷ፣ ያውም በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ስትለቅም ኤኖስ አያትና፣

“እመቤቴ፣ አይነክስሽም እኮ!” አላት።

ሳቋ አመለጣት። በማግስቱ ጓንቷን ጣለች። በሳልስቱ እሱ ለቅሞ ሽርጧን ይሞላላት ጀመር፤ ሲሞላላትም የጣቶቻቸው መነካካት እየበዛ፣ ኩበቱ ከሚያስፈልገው በላይ እየሆነ ሄደ። ሌላው ሰው በጽጌረዳ ይፋቀራል፤ እነዚህ በኩበት ተፋቀሩ። አሳሄል ፕራት ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። አይተውም አልወደዱትም።

ከዚያ ኮሌራ መጣ። የሎቪና እናት ሩሃማ ጠዋት ቡና አፍልተው፣ ምሽቱን ሳያዩ አረፉ። ሲነጋ ተቀበሩ። ሎቪና የሣጥን ክዳን ነቅላ፣ በጋለ ብረት የእናቷን ስም አቃጥላ ጻፈችበትና ራስጌያቸው ላይ ተከለችው። መቃብሩን የሜዳ አበባ ለቅማ አለበሰችው። ከዚያ አቅሟ ከዳት፤ ያን ቀን ፊት መሪ በነበረው፣ በመንገድ ጎረቤታቸው በእማማ ኬዛያ ሠረገላ ውስጥ አስተኟት፤ ሠረገላውም ቀድሞ ተነሣ። ትንሽ እንደሄዱ የኋላውን ሸራ ገልጣ ወደ እናቷ ብታይ፣ ኤኖስ ሳንቃውን ነቅሎ ወርውሮታል። አበባውን ጠርጎታል። በሬዎቹን ከነሠረገላው በእርጥቡ አፈር ላይ ወዲያ ነድቶ ወዲህ ይመልሳል። ሌሎቹም ሠረገሎች ከኋላው ተሰልፈው በዚያው ይሄዱበታል።

ጮኸች። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

ለምሳ ሲቆሙ ፊቱ ሄዳ ቆመች። “እናቴ ምን አደረገችህ?” አለችው። ኤኖስ አባቷን አየ። አባቷ ጫማቸውን አዩ።

“መንገዱ በዚያ ነበር፣ እመቤቴ” አላት።

በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ አለችው። እሱም ባርኔጣውን ከመሬት አንሥቶ ወደ በሬዎቹ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሎቪና መቃብር የሚባል ነገር አጠገብ ደርሳ አታውቅም፤ በመንገድ ሰው በሞተ ቁጥር ሸራውን ዘግታ ትተኛለች። ከሳቋም ጋር እንደዚሁ ተለያዩ።

* * *

ራፍት ወንዝ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ግራ የሚታጠፈው ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ቀኝ የሚቀጥለው ወደ ኦሪገን። ከሚዙሪ ጀምሮ አብሮ የበላ፣ አብሮ የቀበረ ጉዞ እዚህ ላይ ይሰነጠቃል። አሳሄል ፕራት ለኤኖስ “ከዚህ በኋላ የጉዞ መሪያችን የካፒቴኑ የወንድም ልጅ ይነዳልኛል” ብለውታል። ኤኖስም ባላቸው የታመሙባቸውን የእማማ ኬዛያን ሠረገላ ወደ ካሊፎርኒያ ሊነዳ ተስማምቷል። ሎቪና ይህን ስትሰማ “እሰይ” አለች። ብላ ስታበቃ ግን ቁርሷን መዋጥ አቃታት።

በዚያው ማለዳ የእማማ ኬዛያ ባል፣ ሽማግሌው ኦባድያ አረፉ። ሎቪና እንደ ልማዷ ሸራዋን ልትዘጋ ነበር፤ ኦባድያን ግን ትወዳቸው ነበር። እማማ ኬዛያም እናቷ የሞቱ ቀን አቅፈዋት ያደሩ ሴት ናቸው። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ጉድጓዱ የተቆፈረው እዚያው ካሊፎርኒያ መንገድ መሐል ላይ፣ በሁለቱ የመንኮራኩር ፈለጎች መካከል ነበር። ሎቪና ይህን አይታ ገረማት፤ ሰው መንገድ ላይ ይቀበራል? ጸሎቱ አለቀ፤ አፈሩ ተመለሰ። ኤኖስ በሬዎቹን ጠምዶ፣ ጅራፉን ይዞ በስተግራ ቆመ።

“ያን ጅራፍ ወዲህ በል” አሉት እማማ ኬዛያ። አጭር፣ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ፒፓቸው ከአፋቸው አይለይም።

“እማማ፣ እኔ እነዳዋለሁ። እርስዎ ይቀመጡ።”

“ዕድሜ ልኬን ያበሰልኩለትም የተነጫነጭኩበትም እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ለሰው አልሰጥም። አንተ ሂድና በርሜሉን ውኃ ሙላ።”

ኤኖስ ጅራፉን ሰጣቸውና ወደ ወንዙ ወረደ። ባልና ሚስትን ብቻቸውን መተው ያውቃል። እማማ ኬዛያ በሬዎቹን ጠሩ፤ በሬዎቹም ጎትተው ወደ አዲሱ አፈር ገቡ።

“ተኛ እንግዲህ፣ አንተ ሽማግሌ” አሉ እማማ ኬዛያ፣ ቀስ እያሉ በባላቸው ላይ እየነዱ። “ድሮ ስታንኮራፋ ተኩላው አገር ጥሎ ይሸሽ ነበር። ዛሬ ዝም አልክብኝ። ምን ላድርግ፣ በሬዎቹን አመጣሁልህ።” እንባቸው በፒፓቸው ላይ ይወርዳል፤ አልጠረጉትም።

“እማማ!” ሎቪና ዘልላ የበሬውን ቀንበር ያዘች። “ምን ነካዎት? ባልዎ እኮ ናቸው!”

“ባሌ ስለሆነ ነዋ! ታዲያ የተኩላ ራት ላድርገው?”

“ምን?”

“የተቆፈረ አፈር ያየ ተኩላ የሚያድር መሰለሽ? ስምና ሳንቃ ያለበትን መቃብር ደግሞ ለሟቹ ልብስ ብሎ የሚቆፍር ባለጌ አይጠፋም። ስለዚህ ሰውሽን መንገድ ላይ ትቀብሪዋለሽ፣ በሬሽንም ሠረገላሽንም ትነጂበታለሽ። መንገድ ሲመስል ማንም አያገኘውም። ቀንበሩን ልቀቂ፣ ልጄ፤ ብዙ አልቀረኝም።”

ሎቪና አልለቀቀችም። እጇ ቀንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

“ይኸው ለእናትሽ ያ ልጅ ያደረገላትን ነው የማደርገው” አሉ እማማ ኬዛያ። ከዚያ ፊቷን አይተው ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። “በስመ አብ! አታውቂም ነበር? እኔ እኮ በጥፊ የመታሽውም ያኮረፍሽውም ሌላ ሴት አይቶብሽ መስሎኝ ነው! ስንቴ በልቤ የረገምኩትን ልጅ!”

“ማንም አልነገረኝም።”

“ማን ይንገርሽ? ይህ ተሠርቶ ዝም የሚባል ነገር ነው። ‘እናትሽን ከተኩላ አስጣልናት’ ተብሎ ለልጅ ይነገራል? የሟች የቅርብ ሰው ነው መንዳት ያለበት። አባትሽ ጅራፉን ቢያነሣ ከእጁ እየወደቀ አስቸገረው ብሎ ኦባድያ ነግሮኛል። ያ ልጅ ነው የተቀበለው።”

ሎቪና ቀንበሩን ለቀቀች። እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠች፤ በሬዎቹም በአጠገቧ አለፉ፤ ከኋላቸው ሌሎቹ የካሊፎርኒያ ሠረገሎች ተራ በተራ አለፉ። በየማለዳው ስትደግመው የኖረችው “ጠልቼዋለሁ” ከአፏ ጠፍቶ፣ በቦታው እፍረት ብቻ ቀረ።

* * *

አባቷ ከኦሪገን ሠረገሎች አጠገብ፣ በሠረገላቸው ዘንግ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“አባባ፣ የእናቴን ሳንቃ ‘ንቀለው’ ብሎ ያዘዘው ማን ነው?”

አሳሄል ፕራት ልጃቸውን አላዩም።

“እኔ ነኝ” አሉ።

“እና ኤኖስን ስጠይቀው ጫማዎን አዩ።”

“አየሁ። ምን ልበልሽ? እኔው ልነዳ ነበር፤ የባል ሥራ ነው አሉኝ። እግሬ እንቢ አለ። ከዚያ አፈር ሥር ሩሃማ ናት፣ ገና ትናንት ‘ካልሲህን ቀይር’ ያለችኝ። ‘አንተ ንዳልኝ፤ ለልጄ ግን እንዳትነግርብኝ’ አልኩት። ተኩላ የሚባለውን እንድትሰሚ አልፈለግኩም። እናቴ አበባ ለብሳ ተኝታለች ብለሽ ብታስቢ ይሻላል ብዬ ነው።”

“እሺ፣ ይሁን። በጥፊ ስመታውስ?”

አባቷ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩ።

“ልጄን ለበሬ ነጂ ልሰጥ ነው ወይ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። በጥፊ ስትመቺው… እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተገላገልኩ አልኩ። በእናትሽ መቃብር ተገላገልኩ። ከዚያ በኋላ ልናገር ባሰብኩ ቁጥር ይበልጥ እየከበደኝ ሄደ። እሱ ደግሞ ቃሉን የማያጥፍ ሆነብኝ። አንድ ቀን እንኳ ቢናገርብኝ በቀለለኝ!”

ሎቪና ተናደደች። ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የአባቷን አንገት አየች፤ ኦሃዮ እያሉ ኮሌታቸው ያንቃቸው ነበር፣ አሁን ሁለት ጣት ያስገባል። ሐዘን ሰውየውን በውስጡ ሲበላው ከርሟል፤ እሷ ራሷ ሐዘን ላይ ነበረችና አላየችም። ንዴቷ ሳያልቅ እጇን ዘርግታ ኮሌታቸውን አስተካከለችላቸው።

“ወደ ካሊፎርኒያ እየሄደ ነው፣ አባባ።”

“አውቃለሁ።”

“ካልደረስኩበት ዕድሜዬን ሁሉ አላገኘውም።”

“ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ ቆመሽ?” አሉ አሳሄል ፕራት። “ሩጪ እንጂ! የሚነዳው በሬ ነው፣ ፈረስ አይደለም!”

ሎቪና ያን ቀን እንደሮጠችው በሕይወቷ ሮጣ አታውቅም፤ ስትሮጥም የምትፈራው ተኩላውን ሳይሆን ማርፈድን ነበር።

* * *

የካሊፎርኒያው ሰልፍ ወደ ግራ ታጥፎ፣ በመራራው ቁጥቋጦ መካከል መሄድ ጀምሯል። ፊት መሪው የእማማ ኬዛያ ሠረገላ ነው። ኤኖስ በስተግራ ይራመዳል። ቀሚሷ በቁጥቋጦው እየተቀደደ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ሰልፉን በጎን አልፋ ደረሰችበት።

“ኤኖስ!”

ስሙን ከአፏ ከሰማ ስንት ጊዜው! በሬዎቹን አቆመ። ፊቱ ግን እንደተዘጋ ነበር።

“እመቤቴ።”

“እመቤቴ አትበለኝ። ለምን አልነገርከኝም?”

ኤኖስ ከሠረገላው ላይ የተቀመጡትን እማማ ኬዛያን አየ። እሳቸው ሰማዩን አዩ።

“ለአባትሽ ቃል ገባሁ።”

“ቃል፣ ቃል! በሰው ፊት ስመታህስ?”

“ብነግርሽ ምን ታደርጊው ነበር?” አለ ኤኖስ፣ ቀስ ብሎ። “እኔን ይቅር ብለሽ፣ ስለ ተኩላ እያሰብሽ ልታድሪ? አንድ ነገር መጥላት ካለብሽ እኔን ብትጠዪ ይሻላል አልኩ። እኔን መጥላት አይከብድም ብዬ።”

“ከበደኝ!” አለች ሎቪና። “ከበደኝ እኮ፣ አንተ ደንቆሮ! በየማለዳው እንደ ውዳሴ እየደገምኩትም ከበደኝ!”

የኤኖስ ፊት ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ተናደ።

“ያን ቀን ስትጮሂ ሰምቼሻለሁ” አላት። “ዞር ብዬ ባይሽ እጄ ይከዳኝ ነበር፤ ሥራው ደግሞ በግማሽ የሚተው አይደለም። ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፣ ሎቪና። ‘እትዬ ሩሃማ፣ ልጅዎ እያየችኝ ነው፤ እርስዎ እንኳ ይቅር ይበሉኝ’ እያልኩ ነው የነዳሁት።”

ሎቪና ደረቱ ላይ ወደቀች። የመታችው ጉንጩ ላይ መዳፏን አሳረፈችና፣ የወራት እንባ ወጣላት። እሱም አለቀሰ፤ በሬ ነጂ አያለቅስም ያለ ማን ነው?

“አሁን ጠይቀኝ” አለችው፣ በመጨረሻ።

“ምን ብዬ?”

“የሚጠየቀውን ነዋ!”

“መሬት የለኝም። ቤት የለኝም። ይህ የለበስኩት ሸሚዝ እንኳ የኦባድያ ነው። እኔ አንቺን…”

“ጉድ እኮ ነው!” አሉ እማማ ኬዛያ ከላይ። “ወንዶች ወርቅ ፍለጋ አገር ያቋርጣሉ፤ ደረታቸው ላይ የተለጠፈውን አያዩም። ጠይቃት እንጂ አንተ! በሬዎቹ እንኳ ገባቸው!”

ኤኖስ ጠየቃት። ድምፁ ስለጠፋ ቃሉን የሰማችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ስትመልስ ግን ሰልፉ ሁሉ ሰማ።

ያኔ ነው አሳሄል ፕራት እያለከለኩ የደረሱት። ሰውየው በኦሃዮ ባንክ ቤት እንኳ ባርኔጣቸውን አያወልቁም ነበር። አሁን በቀጠሩት ሰው ፊት አወለቁ።

“ኤኖስ ቱሊ” አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “እኔ ማድረግ ያቃተኝን አደረግህልኝ። የሚስቴን ገላ ከአውሬ ጠበቅህልኝ። እኔ ደግሞ የእኔን ጥፊ አንተ ስትቀበል ቆሜ አየሁ። ይቅር በለኝ።”

“ያለፈውን አያንሡት፣ ሚስተር ፕራት። ቢሆንም የእማማን ሠረገላ ለመንዳት ቃል ገብቻለሁ፤ ሜዳ ላይ ጥያቸው ወደ ኦሪገን ልመለስ አልችልም።”

“አውቃለሁ። አንተ ቃልህን ብትበላ ኖሮ ልጄንም አልሰጥህም ነበር።”

ሎቪና የዚህን ትርጉም፣ ከአባቷ መለየቷን፣ የተረዳችው ገና አሁን ነው። የአባቷን እጅ ያዘች።

“አባባ፣ አብረውን ይምጡ።”

“ወንድሜ ኦሪገን ይጠብቀኛል። እናትሽን ‘ቤት እሠራልሻለሁ’ ያልኳት እዚያ ነው። አንድ ቃል እንኳ ልጠብቅላት።”

“ብቻዎን?”

“እናትሽ የወለደችሽ እኔን ስትጠብቂ እንድታረጂ አይደለም።” ግንባሯን ሳሟት። “ካልሲዬን እቀይራለሁ። አታስቢ።”

“ስለ ልጂቱም አያስቡ” አሉ እማማ ኬዛያ። “ቄስ ያለበት መንደር እስክንደርስ ከእኔ ጋር ሠረገላው ውስጥ ነው የምታድረው፤ እሱ ከሥር። እንቅልፌ ደግሞ የዶሮ ነው፤ ሰምተሃል፣ አንተ?”

ሰው ሳቀ። አሳሄል ፕራትም ሳቁ፤ እየሳቁም ፊታቸውን አዙረው ሄዱ፤ ባርኔጣቸውን መልሰው ማድረጉን ረስተውት ነበር።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሎቪና ከኤኖስ ጎን፣ በስተግራ፣ አቧራው ውስጥ ትራመዳለች። ትንሽ እንደሄዱ አልቻለችም፤ ዞረች። የኦሪገኑ ሰልፍ በወዲያኛው በኩል ተነሥቷል። ከነጭ ሸራዎቹ መካከል የአባቷን ሠረገላ ለየችው፤ ከጎኑ ባዶ ራሱን የሚሄድ አንድ ሰው አለ።

ኤኖስ በሬዎቹን አቆመ።

“ምን ሆናችሁ?” ብሎ ጮኸ ከኋላ አንድ ሰው። “ንዱ እንጂ! አቧራ በላነው!”

“ብላ!” አሉ እማማ ኬዛያ። “ምሳህ ነው!”

“ኤኖስ፣ የቆመ ተራውን ያጣል” አለች ሎቪና። “መጨረሻ ነው የምንሆነው።”

“እንሁን። እስክትጨርሺ እንቆማለን።”

ሠረገሎቹ እየተራገሙም፣ እየቀለዱም በጎናቸው አለፉ፤ አንዳንዷ ሴትም በዝምታ እጇን አነሣችላት። አቧራው ተነሥቶ ወረደ። ሎቪና አየች። ሸራው አነሰ፣ ከጎኑ የሚሄደው ሰው ነጥብ ሆነ፣ ነጥቡም ጠፋ። ደስታዋ ልቧን እንደሞላው ነው፤ ልቧ ግን ለሁለት መሰንጠቁም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

“ጨረስኩ” አለችው።

አልጨረሰችም። ኤኖስም አውቆ በሬዎቹን አልነካቸውም።